ያላጠብኳቸው ቀን

ወደ መቱ ከተማ ያመጣኝ ባሌ ነው። እሱ ሲሞት ወደ መንዝ ብመለስ የምገባበት ቤት ስላልነበረኝ፣ እዚሁ ሰው ቤት ተቀጠርኩ።

አሠሪዬ ስልጤ ናቸው፤ ባላቸው በገበያው መንገድ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እኔ ስገባ ባልየው ሞተዋል፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ እሳቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ይዘዋል። ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላትና ማገላበጥ ሆነ። መቱ ዝናብ አያባራም፣ አንሶላም አይደርቅም፤ በከሰል እያሞቅሁ አነጥፍላቸው ነበር። እርጥቡን ባነጥፍ የሚያየኝ የለም። ንስሐ አባቴ ግን «የአሠሪሽን ሥራ እግዚአብሔር ፊት እንደቆምሽ ሆነሽ ሥሪው» ብለውኛል፤ ይህን አምኜ ይዤ ነበር።

አብራኝ የምታስቀድስ አንዲት ሴት አትተወኝም።

«ለእስላም ቤት እንዲህ ስትንገበገቢ ጽድቁን ማን ሊከፍልሽ ነው?»

«እሳቸውንስ የፈጠራቸው ማን ሆነና?» እላታለሁ።

እትዬም ቀልድ ያውቁ ነበር።

«ዛሬም ጾም ነሽ?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ፣ እትዬ።»

«ወይ ጉድ! እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትበሉት?»

«እርስዎ በረመዳን ሌሊት ሲበሉ ነዋ።»

በግማሽ አፋቸው ይስቃሉ።

ሳጥባቸው ግን አይስቁም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንድ ቀን እንደዚያው እንደዞሩ፣ «ይህን ገላዬን ካንቺ ሌላ ሰው አያይብኝ። እስከ መጨረሻው» አሉኝ።

«እሺ እትዬ» አልኩ። መጨረሻው እስከ የት እንደሆነ አልተነጋገርንም። እኔ በልቤ እስከ መቃብር አድርጌ ያዝኩት።

ያረፉት ጠዋት፣ ዝናብ እየጣለ ነው። ዓይናቸውን ከደንኩ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ ውሃ አሞቅሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ከፈን የያዙ ሴቶች ገቡ። ታላቂቱ፣ አዮ የምላቸው ኦሮሞ ጎረቤታችን፣ ሳፋውን ቀስ አድርገው ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ኮቱ ልጄ፣ ነይ፣ አንቺ በረንዳው ላይ ተቀመጪ። የሙስሊም ሬሳ የሚያጥበው ሙስሊም ነው።»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ እኮ፣ አዮ።»

«ቢሆንም ሕግ ነው። እሳቸውም ያውቁታል።»

«እኔ ግን አላወቅሁም።»

አዮ እጄን ይዘው አወጡኝና በሩን ዘጉት።

ውሃው ሲፈስ እሰማለሁ። እነዚያ ሴቶች የእትዬን ገላ አያውቁትም፤ የቱ ጋ እንደሚጠነቀቁ የነገራቸው የለም።

«ግራ ክንዳቸውን አትሳቡት፣ ያማቸዋል!» ብዬ ጮህኩ።

ውሃው ለአፍታ ቆመ።

«ከእንግዲህ አያማቸውም፣ ልጄ» አሉ አዮ ከውስጥ።

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ ተሸክመዋቸው ሄዱ። በማግስቱ ከአዲስ አበባ የደረሱት ልጆቻቸው አመሰገኑኝ፤ ቤቱ እንደሚከራይም ነገሩኝ።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። «አንቺ የድርሻሽን አድርገሻል፤ እግዚአብሔር አይቶታል» አሉኝ። ማየቱን አልጠራጠርም። ግን እኔን የለመኑኝ እትዬ ናቸው፤ ያፈሩትም በሰው ፊት ነው፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሰው አያቸው።

አሁን ሌላ ቤት ልብስ አጥባለሁ። አሠሪዬ ደግ ናቸው፤ እኔም ሥራዬን አላጓድልም። ጸሎቴንም አላስታጉልም። ስጨርስ ግን እንደ ድሮው እግዚአብሔር ፊት የቆምኩ አይመስለኝም፤ የሚሰማኝ ምንም የለም።