ጠይሙ አብራሪ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዳባት፣ የእህቴ ልጅ ለሰርግ ስትዘጋጅ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀባች። ሽታው ሲደርሰኝ ከያዝኩት መጽሐፍ ቀና አልኩ። «አክስቴ፣ አስቸገረሽ እንዴ?» አለችኝ። አላስቸገረኝም። ይህ ሽታ እኔን የሚያስታውሰኝ የጦር አውሮፕላን ነው ብላት ግን የምታምነኝ ስላልመሰለኝ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

በባድመ ጦርነት ጊዜ ደባርቅ ላይ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ግን ሃያ ሦስት ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በአሥር ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ስለምቀመጥ፣ እንዳይስቁብኝ ፊደሌን ሳይቀር ተጠንቅቄ ነበር የምጽፈው። ይህ ዛሬም ያልለቀቀኝ ጥንቃቄ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የተከራየሁት ከእማማ የሻረግ ግቢ ነው። እማማ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው መላኩ የአየር ኃይል መካኒክ ነው። ደብዳቤ የማነብላቸውም የምጽፍላቸውም እኔ ነበርኩ።

መላኩ ለጥምቀት ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ሥልጠናውን ሲጨርስ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ሸልሞት ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ሞልቶታል፦ ክንፍ፣ ጎማ፣ ቦምብ፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ የተቀመጠ ሰው። ሁሉም ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀትም አለ። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ የጦር አውሮፕላን ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ከተሰጣው ብቅል አጠገብ ሰሌን ላይ ተቀምጠን በምላጭ እየቆረጥን፣ በጥፍር ሞረድ እያለሰለስን ገጠምነው። እኔ ወረቀቱን አነባለሁ፤ እሱ ይገጥማል። «ቀስ በይ፤ ይህ እንደ ብሎን አይፈታም። አንዴ ከተጣበቀ ተጣበቀ ነው» ይለኝ ነበር።

ፈቃዱ ሲያልቅ ቀለሙ ቀረ። «አንቺ ጨርሺው፤ እኔ ብሩሽ አልችልም። ፋሲካ ስመጣ አልቆ ልየው» ብሎኝ በጎንደር አውቶቡስ ሄደ።

ቀለም የለመንኩት የሱቅ ማስታወቂያ ከሚጽፍ ሰው ነው፤ ነጭ፣ ጥቁርና አረንጓዴ በጠርሙስ ክዳን ሰጠኝ። ለክንፉ ጫፍ የሚሆን ቀይ ስላጣሁ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። በሕይወቴ የገዛሁት የመጀመሪያው የጥፍር ቀለም እሱ ነው። እማማ የሻረግ ጌሾ እየቀነጠሱ ሥራዬን ይከታተላሉ። አንድ ቀን አብራሪውን ከጥፍሬ ላይ አንስተው አዩት። ፊቱን ወረቀቱ እንዳዘዘው ቀላ ያለ አድርጌው ነበር።

«ይኼማ ፈረንጅ ነው» አሉ።

«ወረቀቱ እንዲህ ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ወረቀቱ ልጄን የት ያውቀዋል? ጠይም አድርጊው።»

«መላኩ መካኒክ ነው እኮ፤ አይበርም።»

«ሲጠግን አይቀመጥበትም? ወይስ እንደ ሎሌ ቆሞ ነው የሚጠግነው? ዝም ብለሽ ቀቢ።»

ለዚያች ነጥብ የሚሆን ጠይም ቀለም ፍለጋ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ገበያውን ዞርኩ። በመጨረሻ የበጀኝ ቡናማ የጫማ ቀለም ነው። በስንጥር ጫፍ አስነካሁት። እማማ አይተው «እሱ ነው» አሉ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ የእማማ የነፍስ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ለጥገና በሄደበት ግንባር መላኩ መሞቱን የነገሩኝ እዚያው ቆመን ነው።

«በጾም ጉልበቷ አልቋል፤ በባዶ ሆዷ አንነግራትም» አሉ አባ። «ወንድሟም ከመካነ ብርሃን እንዲመጣ ሰው ልከናል። ከፋሲካ በኋላ ነው የምናረዳት። ደብዳቤ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብለን ነው።»

«እኔስ አባ፣ ፊቴን ምን ላድርገው?»

«አደራ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

በእኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል፣ ከዚያ በማለዳ ይነገራል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሐዘንተኛው ሳይሰማ እሱ ዘንድ የሚያመሸው ሰው ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

እቤት ስገባ እማማ ብሩሼን አጥበው ጠበቁኝ። ቀጠልኩ። ወረቀቱን እያየሁ፣ ግራጫው ከአረንጓዴው ጋር የሚገናኝበትን መስመር በፀጉር ልክ አስተካከልኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ከመላኩ ደብዳቤ ሲዘገይባቸው ደግሞ እኛው እንጻፍለት አሉኝ።

«አውሮፕላንህ አምሮልሃል በይው። አንተንም ቀብታሃለች፤ ትንሽ አክስታሃለች እንጂ። ለፋሲካ አውራ ዶሮ ይዤልሃለሁ። ብርድ እንዳይመታህ።»

ቃል በቃል ጻፍኩ። አራት ነጥቡን በየቦታው አደረግኩ። ፖስታ ቤት ደጃፍ ድረስ ወስጄው መለስኩት።

በሰሞነ ሕማማት የቀረው አብራሪውን የሚከድነውን የፕላስቲክ መስታወት መግጠም ነበር። የካርቶኑ ሙጫ ደርቆ ስላገኘሁት ሱፐር ግሉ ገዝቼ፣ እንዳይነቃነቅ ብዬ ዙሪያውን አብዝቼ ቀባሁት። በማግስቱ መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ሆኖ አደረ። የሙጫው ትነት ነው፤ በኋላ ነው የሰማሁት። ባለቅልቀው፣ በጨርቅ ብፈትገው ጠይሙ ሰውዬ አልታይ አለ። ልፈታው አልቻልኩም።

እማማ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «ጉም ገብቶበታል» አሉ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩና አለቀስኩ። ሳምንታት የያዝኩት እንባ ነው የወጣው።

«አንቺ ልጅ፣ ለፕላስቲክ ይለቀሳል?» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ሲመጣ እሱ ያስተካክለው የለ፤ ሥራው አይደል።»

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ታረደ። የመላኩ ድርሻ እንቁላል ተለይቶ ተቀመጠ። አባም ሽማግሌዎቹም መጥተው በሉ፣ እማማን አጎረሱ። እኔንም «አጉርሻቸው እንጂ» አሉኝ፤ አጎረስኩ።

ከዳግም ትንሣኤ ማግስት ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ወንድማቸው ማታውኑ ገብቶ ጎረቤት አድሮ ኖሯል። እማማ ከአባ ኋላ ሲያዩት «አንተ በዚህ ማለዳ ምን አመጣህ?» አሉት። ከዚያ ወደ እሱም ወደ አባም ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። ከጩኸቱ በፊት የነበረችውን ያችን አስተያየት እስከ ዛሬ የማኖርበት ቦታ አላገኘሁም።

ከአርባው በኋላ፣ ብቅል ሲያሰጡ ሳግዛቸው ጠየቁኝ።

«ያን ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ፋሲካ ዕለት ስታጎርሱኝስ፣ ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

ብቅሉን በመዳፋቸው አስተካከሉ። «ጣፍጦኝ ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ አላነሱትም። ከግቢያቸውም አላስወጡኝም፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እዚያው ነው። ብቻ እንዳጎርሳቸው ዳግመኛ አልፈቀዱልኝም። እጄን ስዘረጋ ቀስ ብለው ጉርሻውን በእጃቸው ይቀበሉኝ ነበር።

ዛሬ ስልክ አለ፤ ብዙው መርዶ ሽማግሌ ሳይቀድመው በስልክ ይደርሳል። በአውቶቡስ ውስጥ፣ በገበያ መሐል ብቻቸውን ሰምተው የወደቁ ሴቶች አይቻለሁና ያ ይሻላል ማለት አልደፍርም። የድሮውም ይሻላል አልልም። አምና የሰፈራችን ሽማግሌዎች መጥተው፣ ልጇ ከሞተባት ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር መርዶው እስኪነገራት ሁለት ቀን እንድውል ለመኑኝ። እምቢ የምልበት ቃል ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። «አደራ» ሲሉኝ ግን ነጠላዬን አነሳሁ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት፤ ሳቅ ብላ የምቀመጥበት ዱካ ሰጠችኝ። ቁጭ ብዬ አብሬያት ለቀምኩ።