ከሁዳዴ ጋር የመጣው ቡድን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ የበረዶ መንሸራተቻ ይዤው ሄድኩ፤ የክፍል ጓደኛው ልደቱን እዚያ ያከብር ነበር። በሩን ከፍተን ስንገባ የቅዝቃዜና የእርጥብ ጎማ ሽታ ተቀበለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ያላሸተትኩት ሽታ ነው። የጫማውን ክር ሳጠብቅለት፣ "ማሚ፣ ሪል የሆኪ ጌም አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት። የማን ቡድን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን ሌላኛውን ጫማ ማሰር ጀመርኩ። ስሙን ብነግረው የሚያውቀው ሰው የለም።

ያኔ የምንኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነበር። እኔ ኮሌጅ እየተማርኩ ማታ ማታ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ትኬት እቆርጣለሁ። በዚያ ክረምት፣ የውድድሩ ዘመን ከተጋመሰ በኋላ፣ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የሆኪ ቡድን ከሩቅ ሰሜን መጣልን። የመጣበት ከተማ ፋብሪካ ተዘግቶ ተመልካች ሲጠፋ፣ አዲሱ ባለቤት ዋሽንግተን አካባቢ ሕዝብ አለ ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ አመጣው። ስሙን እንኳ አልቀየረውም። ማሊያው ላይ የተሳለው በእኛ አካባቢ ጫካ የማይገኝ የሰሜን አውሬ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ በነጻ ስለነበር አዳራሹ ጢም አለ። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹን ሁሉ በመልክ ለየሁት። ትኬት የሚያስቆርጠኝ ስለሌለ ገብቼ አያለሁ፤ ስለ ጨዋታው ግን የማውቀው ኳሱ ኳስ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጎማ መሆኑን ብቻ ነበር።

ዳኒ የቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ነው። ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ከአንዲት ትንሽ የካናዳ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር። ቡድኑ የሆቴል ወጪ አልከፍልም ብሎ ተጫዋቾቹን ቤት ፈልጉ ሲላቸው ቤታችን ሥር ያለውን ቤዝመንት ነገርኩት። አባቴ አንገራገረ። እናቴ ግን ካናዳ የሚለውን ስትሰማ ነገሩ አበቃ፤ ታላቅ ወንድሜ ግርማ እዚያ ብቻውን ይኖር ነበርና። ካናዳን እንደ አንድ ሰፈር ነበር የምታስባት፤ ዳኒ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ግርማን ያውቀው እንደሆነ አስጠየቀችኝ።

ችግሩ ዳኒ የገባው በቅበላ ማግስት፣ ሁዳዴ በተያዘበት ሰኞ ነው። አንድ ቀን ቢቀድም ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ቤታችን ቅቤ እንኳ ከማይገባበት ጊዜ ላይ ደረሰና የቀረበለት ሁሉ የጾም ሆነ። እሱ ምን ተዳው? ከልምምድ ሲመለስ ሽታውን ተከትሎ ከቤዝመንት ይወጣል፤ ድስቱን ራሱ ከፍቶ ሽሮውን ያወጣል፤ ሱፍ ፍትፍት ሲኖርማ ሳህኑን ጠርጎ ነው የሚነሳው። በረዶ በጣለ ጠዋት አባቴ ሳይነቃ ደጁን ጠርጎ፣ መኪናውን አጽድቶ ይጠብቀዋል። ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ የሚሠራው አባቴ በሳምንቱ "ልጃችን" ማለት ጀመረ።

እናቴ ግን ታፍር ነበር። ሽሮ ያበላችውን እንግዳ እንዳስተናገደችው አትቆጥረውም። "ፋሲካ ይድረስና!" ትላለች። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮው ይሠራል፣ ክትፎው ይቀርባል፣ ቡድኑ በሙሉ ይጠራል። ይህን ሁሉ ለዳኒ እተረጉምለታለሁ። እሱም ለጓደኞቹ ነግሯቸው፣ አዳራሹ ውስጥ ሲያገኙኝ ፋሲካችሁ መቼ ነው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ ሥራ ስገባ አለቃዬ ከእንግዲህ ጨዋታ የለም አለኝ። ባለቤቱ ቡድኑን በትኖታል። ከሁዳዴ ጋር የመጣው ቡድን ሁዳዴን ሳይጨርስ ቀረ። ዳኒ ወጥ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚበር ነገረን፤ ለእናቴ ተረጎምኩላት።

"ሳይበላ?" አለች።

"እማዬ፣ ሁልጊዜ ይበላል እኮ።"

"እሱ መብል አይደለም። የእኔን ልጅ እዚያ አንዷ እንዲህ አድርጋ ብትሸኘው ደስ ይለኛል?"

አባቴ በሁዳዴ ዶሮ ይሠራል ወይ ብሎ ተቆጣ። እኔ አልበላው፣ መሥራት ኃጢአት ነው ወይ ብላ እናቴ አፉን አስያዘችው፤ ዶሮውን ገዝቶ የመጣውም እሱ ነው። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ቁሌት ላይ ቆመች። የንጥር ቅቤው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ሦስታችንም ምራቃችንን እየዋጥን ተያየን። ማናችንም ልንቀምስ አንችልም። ጨዉን በግምት አደረገች። አልጫ እንዳይሆንበት ፈርታ ጨመረች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ጨመረች።

ዳኒን ብቻውን አስቀምጠን ዙሪያውን ቆምን። በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በርበሬው ነው ብለን ሳቅን፤ አባቴ ውሃ ቀዳለት፤ ደግሞ ቀዳለት። ዳኒ ሳህኑን ጨርሶ በራሱ አፍ ድገሙኝ አለ። ከዚያ እናቴን ጎንበስ ብሎ አቀፋትና አባቴ ኤርፖርት አደረሰው። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ ከተትነው።

የፋሲካ ዕለት እናቴ ያንን ወጥ አሞቀችው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ቀመሰችና እጇን ሰበሰበች። እኔም ቀመስኩ። ጨው ብቻ ነበር፤ የሚዋጥ አልነበረም። "ዝም ብሎ በላው" አለችና አለቀሰች። የዳኒ ስልክ የቡድኑ ስለነበር ተዘግቷል፤ አድራሻ መቀበልን ማን አሰበው?

የቡድኑን ባለቤት ለብዙ ጊዜ ረገምኩት። አሁን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ ሲርበው ደረጃውን ወጥቶ ቤት ያፈራውን እየበላ ከርሟል፤ ከዚያ የሚበልጥ ግብዣ አልነበረንም። እኛ ግን እያፈርን ነው ያበላነው፤ አንድም ቀን ደስ ብሎን አብረነው አልበላንም።

እናቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ናት። ከልደቱ ተመልሰን የት እንደዋልን ስነግራት ያንን የዳኒን ወጥ አነሳች።

"በራሱ አፍ አስጨምሮ ነው እኮ የበላልሽ" አልኳት።

"እሱማ እንዳላፍር ብሎ ነው" አለች።

አይደለም ልላት ፈለግኩ። እኔም የማስበው ግን ይህንኑ ነው።