የቀልሃ አንገት መላጊያ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ አዘን ተቀምጠናል። ባሌ፣ ጦር ሜዳ የሚሄድ ይመስል፣ ጥይቱን ራሱ ባዶ ቀልሃ ውስጥ ባሩድ ሞልቶ ካልሠራ አይሆንለትም። ሽሮው እስኪመጣ የቀልሃውን አፍ ዙሪያውን እየላገ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ሁለት የቀልሃ አንገት መላጊያ ከካርቶናቸው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"አንዱ በእጅ ይዞራል፣ አንዱ በድሪል። ነገ አንዱን ለሱቁ ሪተርን አደርጋለሁ። የቱ ይሻላል?" አለና ባዶ ቀልሃ አስገብቶ በእጅ የሚዞረውን ሞከረው። ቀጭን የነሐስ ልጣጭ ሳህኔ ላይ ወደቀ። ሽታው አፍንጫዬ ገባ።

ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ሚድ ሲቲ ሰፈር አፓርትመንታችን ውስጥ፣ አባዬ ከፓርኪንግ ሥራው ሲገባ የራት ጠረጴዛውን በቀልሃ ይሞላና ጀርባውን ይሰጠናል። እኔና እማዬ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። ክርር፣ ክርር ይላል መላጊያው። ፀጉራችን ሳይቀር ነሐስ ነሐስ ይሸት ነበር።

አንድ ማታ እማዬ፣ "በድሪል የሚሠራውን ለምን አትገዛም? ቶሎ ያልቅልህ ነበር" አለችው።

ቀና እንኳ አላለም። "ቶሎ እንዲያልቅልኝ መች ፈለግሁ?"

እኔ ሥራውን ቢወደው ነው ብዬ ነበር። እማዬ ግን ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መልሳ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

"ሶ፣ የቱ?" አለ ባሌ። "እኔ በእጅ የሚዞረውን ወድጄዋለሁ። ምን ያስቸኩለኛል?"

መላጊያውን ከእጁ ነጥቄ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት።

"ይሄን መልሰው። እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ራት ነው የሚበላው።"