ዘይቱና ሽንቷን የሰጠች ዕለት

ዘይቱና ጨፋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ከደላላ ጋር ተሟግታ የማትረታ ሴት ናት። የምትፈራው እርግዝናን ብቻ ነበር። ታላቅ እህቷ ዘሃራ በስምንተኛ ወሯ ፊቷ አባብጦ፣ ስትንቀጠቀጥ ውላ በዘይቱና እጅ ላይ ሞታለች። ሰዉ ጅን ነው አለ፤ እሷም አመነች።

በ2006 ዓ.ም. እሷም አረገዘች። አራት ወር ሲሞላት ባሏ ሙህዲን ለምኖ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። አዋላጇ ብፅዓት የደም ግፊቷን ለካችና ትንሽ ዕቃ ሰጥታ ሽንት አስመጣቻት። ቀጭን ወረቀት ነክራ ጠበቀች። ቢጫው አረንጓዴ ሆነ።

"ምን አሳየሽ?" አለች ዘይቱና።

"ሽንትሽ ላይ ፕሮቲን አለ። ግፊትሽ ዛሬ ደህና ነው፤ ግን አንዳንዴ ሽንቱ ይቀድምና ግፊቱ ኋላ ይመጣል። ላይመጣም ይችላል። ከቤተሰብ ነፍሰ ጡር ሆና አንቀጥቅጧት የሞተች አለች?"

ዘይቱና ቀና አለች። "እህቴ። ጅን ነው አሉን።"

"ግፊት ይመስለኛል እንጂ ጅንስ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ልይሽ።"

ይሄ ባሰባት። ጅን ቢሆን በዱዓ ይመለስ ነበር፤ ይሄኛው ግን ገላዋ ውስጥ ተቀምጦ ቀን ይጠብቃል። ቀጠሮው ሲደርስ ቀረች። ገበያ ላይ ሚዛን ይዛ ሂሳብ ይጠፋባታል፤ በየደቂቃው ፊቷን ትዳብሳለች፣ አብጦ እንደሁ ብላ።

አማቷ ፋጡሜ ነገሩን ከልጃቸው ሰምተው ጠሯት።

"ያ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን ቀረሽ?"

"እማ፣ ደግሞ አረንጓዴ ቢሆንስ?"

"ይሁና! ለዘሃራ እኮ ቀድሞ ያየላት አልነበረም።"

በማግስቱ እየፈራች ሄደች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀጠሮ አልቀረችም።

በስምንተኛው ወር መባቻ ግፊቷ ድንገት አሻቀበ። ራሷን ይፈልጣት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባት ጀመር። ብፅዓት መንቀጥቀጡን የሚከላከል መርፌ ወግታት አምቡላንስ ጠራችላት። እስከ ደሴ ድረስ ዘይቱና የሙህዲንን ክንድ ጨምድዳ፣ ዓይኔን ከከደንኩት አይገለጥም ብላ ሳትከድን "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" አለች። መንቀጥቀጡ አልመጣም።

ደሴ ሆስፒታል ውስጥ በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ልጅ፣ ከጫጩት ያልበለጠች። ብዙ ቀን በማሞቂያ ቆይታ ተረፈች። የእናትየዋም ግፊት ቀስ በቀስ ወረደ።

ልጅቷ ዛሬ ትሮጣለች። "ወንድም ጨምሪላት እንጂ" ሲሏት ግን ዘይቱና አሁንም እጇ በረዶ ይሆናል።