ቤተ መጻሕፍት አጠገቤ ተከፍቶ ቤቴ የተፈለገብኝ ጊዜ

ያን ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት ሁለት የቀበሌ ሰዎች የቤቴን ግድግዳ በሜትር ይለካሉ... ሰላምታ እንኳን አልሰጡኝም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ቆቦ ነው። ቀበሌው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰውን የጎን ቤት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አድርጎት ነበር። ማንበብን ያለ አስተማሪ ለተማርኩት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ጎረቤቴ ትርንጎ ግን «አሁንማ ቤትህ ዋጋ አወጣ!» እያለች በየመንገዱ ታወራ ጀመር። በዚያ ዘመን ዋጋ ያወጣ ቤት መያዝ ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። መሸጥ አይቻልም፤ መወሰድ ግን ይቻላል።

እንቅልፍ አጣሁ። ሚስቴ «የቤቱን ፊት ጭቃ እንለጥፍበትና አሮጌ ይምሰል» አለች። እምቢ አልኩ። ቤቴን በእጄ አላጎሳቁልም።

በገበያ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ መጣ።

«ጓድ፣ ቤቱ ለማንበቢያ ክፍል ማስፋፊያ ተፈልጓል። ከከተማው ዳር ምትክ ይሰጥሃል።»

«አልወጣም።»

«እየለመንኩህ መሰለህ?»

እንዲህ መልሶ የታሰረ ሰው አውቃለሁ።

በዚህ መሃል ከቆላ የመጡ ገበሬዎች ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ከመግባታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ዱላቸውን በረንዳዬ ላይ ያስደግፉ ጀመር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጋዜጣ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል፤ ዱላ ይዞ መግባትን ግን ሊቀ መንበሩ ራሱ ከልክሏል። የራያ ሰው ደግሞ ዱላውን ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። እኔን ያውቁኛል።

አያ ሲራጅ የሚባሉት ሽማግሌ ንግግራችንን ሰምተው ዞሩ።

«ይሄ ሰው ከወጣ ዱላችንን ለማን ልንሰጥ ነው?»

«ለዘበኛው።»

«ዘበኛው የማን ልጅ ነው?»

ዘበኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ወላሂ አልሰጥም! ይዤው ነው የምገባ።»

አያ ሲራጅ ዱላቸውን መልሰው አነሱ። ሌሎቹም አነሱ። ጠብ ቢነሳ «ያሳደምከው አንተ ነህ» ተብሎ የሚታሰረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

«አያ ሲራጅ፣ ይተዉ በሞቴ!» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ዱላዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «ለጊዜው... ይቆይ» ብሎ ሄደ።

ቤቱ ቀረልኝ። ያቺ «ለጊዜው» ግን አላስቀመጠችኝም። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ከበረንዳዬ ጠፍቼ አላውቅም፤ ወባ የያዘኝ ጊዜ እንኳን አልጋዬን ደጅ አስወጥቼ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ዱላ ስጠብቅ ዋልኩ።