ቴፒ ቀድሞን ደረሰ

ባለቤቴ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ገና ጡት ሳትጥል ከጅማ አንዲት ቀይ የውድድር መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣ። ዕድሜዋ ከሁለታችንም ይበልጣል። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ያኔ መንገዳችን ክረምት ጭቃ፣ በጋ ድንጋይ ስለነበር ለዓመታት ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ ከልጆቹ በፊት የሚያየው እሷን ነበር።

«አስፋልቱ ይምጣ ብቻ» ይል ነበር።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ሦስተኛዋ ልጃችን በተወለደች በዓመቱ፣ ከደመወዜ ባጠራቀምኩት ያገለገለች ነጭ የቤት መኪና ገዛሁ። ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ አማቴን ሐኪም ቤት፣ ሙዝና ጎደሬውን ከሸዋ ቤንች ገበያ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ባለቤቴ ግን «ጎማ የተገጠመላት ቁም ሳጥን!» እያለ በሰው ፊት ይስቅብኝ ነበር።

አስፋልቱም መጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቴፒ የዘመድ ሠርግ ተጠርተን ስንዘጋጅ፣ «ዛሬ ልዩነቱን ታዪዋለሽ» አለኝና የቀይዋን ሞተር አስነሳ። ድምፅዋ ግቢውን አናወጠው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። አልዋሽም፣ ታምር ነበር።

የስምንት ዓመቱ ልጄ በአዲስ ልብሱ ሮጦ በሯን ያዘ።

«አባዬ፣ እኔን ውሰደኝ።»

«ዛሬ አይሆንም። ክብደት ትጨምርብኛለህ።»

አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ልጁ በሩን ለቀቀና መጥቶ የእኔ መኪና ውስጥ ገባ።

እኛ አምስት ሆነን ተከተልን። ትንሿ ልጅ ሁለት ጊዜ አስመለሳትና ቆምን። አማቴን እግራቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ እስኪለቃቸው ድረስ ደግፌ በመንገዱ ዳር አመላለስኳቸው። ልጄ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነበር።

ቴፒ ስንገባ ባለቤቴን አንድ ጭማቂ ቤት ደጅ አገኘነው፤ መኪናዋን የከበቡ ጎረምሶችን እያስጎበኘ ነው። ገና ሳልወርድ ሰዓቱን አሳየኝ።

«ሁለተኛ ጭማቂዬን ጨረስኩ! አሁንስ ልዩነቱን አየሽ?»

ጎረምሶቹ ሳቁ።

«አየሁ» አልኩት።

እናቱ መንገዱን እንዴት እንደቻሉት አልጠየቀም። ቀሚሴ ላይ የደረቀውን ትውከትም አላየም።

ከሠርጉ ስንመለስ አማቴ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። በልጃቸው ላይ ክፉ ቃል አስወርተው አያውቁም። ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን፣

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። «እኔ ግን መንዳት አልችልም ነበር።»



በዓመቱ ወደ ቴፒ ዝውውር ጠየቅኩ። ሲፈቀድልኝ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ «የበሩን ቁልፍ ጎረቤት ጋ ተይልኝ» ነው ያለው።

አማቴ በየወሩ በአውቶቡስ ይመጣሉ። እሱ ልጆቹን ሊያይ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ፣ ግቢያችን ጥላ ስለሌለው ፀሐዩ የቀይዋን ቀለም እንዳያበላሽባት ብሎ ቡና ሳይጠጣ ተመለሰ።