ለማኅበሩ ያነበብኩት መዝገብ

የውርስ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አሰላ ውስጥ መቋቋሙን የሰማሁት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ነው። ኑዛዜ የሚያረቅቁ ጥቂት ጠበቆች፣ እንደኔ በፍርድ ቤት እየተሾሙ የሟችን ወራሾችና ንብረት የሚያጣሩ ሰዎች፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት በጡረታ የወጡ አንድ ቃዲ፤ ሁሉም ቢሰበሰቡ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይበቃቸው ነበር። የነገረችኝ ሰብሳቢዋ ናት። በዳኝነት ከጎጃም ተመድባ መጥታ፣ ሥራውን ለቃ ጠበቃ ሆና እዚሁ የቀረች ሴት ናት። ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኋት። የሥራ ልምድ ማስረጃና ሁለት ፎቶግራፍ አለችኝ። ከዚያ ቀጠል አድርጋ፣ ከሠራሃቸው መዝገቦች አንዱን፣ የሰዎቹን ስም ደብቀህ፣ ፊታችን ጮክ ብለህ ታነባለህ፤ እኛ እንጠይቅሃለን አለች።

እኔ የኖርኩት በዜና ሥራ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ችሎት ከአሰላ ዜና እልክ ነበር። ፍርድ ቤቱ ውርስ እንዳጣራ የሾመኝ ሕግ ስለማውቅ አይደለም። አንድ ዳኛ የችሎት ዘገባዎቼን አንብቦ፣ ይህ ሰው ያየውን ብቻ ይጽፋል ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ መዝገብ ሌላውን እየጠራ ሦስት ዓመት አለፈ። ሥራው ከዜና ብዙም አይርቅም። ሰው ታነጋግራለህ፣ ሰነድ ታያለህ፣ አንዱ የነገረህን ከሌላው ታረጋግጣለህ። የጎደለኝ አርታኢ ነበር። ዜና በምልክበት ጊዜ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው "ይህን ማን ነገረህ?" ይለኝ ነበር። ውርስ ሳጣራ እንዲህ የሚል አልነበረኝም። ዳኛው ሪፖርቴን ያነባል፣ ተከራካሪ ካልተቃወመ ያጸድቃል። ወደ ማኅበሩ የወሰደኝ ይኸው ነው፤ ለቤተሰቦቼ ግን የመታወቂያ ካርድ ይሰጣሉ ብዬ ነበር የነገርኳቸው።

መዝገብ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሳጉሬ ላይ እህል ይነግዱ የነበሩ አንድ አባት ሞተው፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወርሰዋቸዋል። ንብረቱ የመኖሪያ ቤትና ገበያው አጠገብ ያለ የእህል መጋዘን ነው። ኑዛዜ የለም። ልጅቷ ባል አግብታ እዚያው ሳጉሬ ትኖራለች። ላጣራ በሄድኩ ቀን፣ ሽማግሌዎች በምስክርነት ባሉበት፣ "ድርሻዬን ለወንድሞቼ ትቻለሁ" አለች። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ጠብ የለ፣ ክርክር የለ፣ መቃወሚያ የለ። ሪፖርቱን ለፍርድ ቤት አስገብቼ ለማጽደቅ የተቀጠረው ቀን አሥራ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ ንጹሑ እሱ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ረፋድ በሰብሳቢዋ ቢሮ ተሰበሰብን። ቃዲው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያብሳሉ። ሁሉም ሐጂ ነው የሚሏቸው። ገና ወረቀቴን ስዘረጋ፣

"ጋዜጠኛው፣ 'ሟቹን ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም' ብለህ ነው የምትጀምረው?" አሉኝ።

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አነበብኩ። እንደ ልማዴ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ሁሉ ጽፌዋለሁ። አንብቤ ስጨርስ ከጠበቆቹ አንዱ ስለ መጋዘኑ ካርታ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ሌላዋ ሟቹ ሌላ ቦታ ልጅ እንደሌላቸው በምን እንዳረጋገጥኩ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። እየተመቸኝ ሄደ።

ሐጂ መጨረሻ ላይ ነው የተናገሩት። "እስቲ ልጅቷ የተናገረችበትን ቦታ ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት። "በታላቅ ወንድም መኖሪያ ቤት፣ በሳሎን፣ ታላቅ ወንድም ከአጣሪው በስተቀኝ፣ ታናሽ ወንድም ከበሩ አጠገብ፣ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት።"

"እሷስ የት ተቀምጣለች?"

ወረቀቴን አየሁ። የእሷ አልተጻፈም። አስታወስኩ። "አልተቀመጠችም፤ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።"

"ቆማ" አሉ ሐጂ። ወደ ሌሎቹ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ እኔም እሰማለሁና ትርጉም አላስፈለገኝም። ይህ ሰው ያልጻፈው ነገር የለም፣ የጠየቀው ግን ወንድሞቿን ነው፣ ነበር ያሉት።

ሰብሳቢዋ ጉዳዩን አብራራችልኝ። በዚህ አገር እህት ከወንድሞቿ ፊት ድርሻዬን ስጡኝ አትልም። ባሏ ቢያስከፋት የምትመለሰው ወንድሞቿ ቤት ነው፤ ብትታመም የሚጠይቋት፣ ልጇ ሲዳር የሚቆሙላት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ስትጠየቅ ትቻለሁ ትላለች። ከልቧ የተወችም አለች፣ ያልተወችም አለች፤ ሁለቱም የሚሉት ግን አንድ ዓይነት ቃል ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። የገዛ እናቴ ከአያቴ መሬት አንዲት ጥማድ አልወሰደችም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቃሏን በትክክል ከጻፍኩ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

"መዝገቡ ጸድቋል?" አለችኝ ሰብሳቢዋ።

"አሥራ አምስት ቀን ይቀረዋል።"

"እንግዲያው አባልነትህን ዛሬ አንወስንም። ሂድና ጠይቃት።"

ሐጂ እንዴት እንደምሄድም ነገሩኝ። ቤቷ እንዳልሄድ፣ ባሏ ይሰማልና፤ ስልክ እንዳልደውል፣ ስልኩ የልጆቹም የባሏም ነውና። በገበያ ቀን ሄጄ፣ ሴት ይዤ፣ ገዢ መስዬ እንዳነጋግራት። "ገበያ ላይ ሴት ልጅን ነይ ሂጂ የሚላት የለም" አሉ። ሰብሳቢዋ አብራኝ ልትሄድ ተስማማች።

ሳጉሬ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ነጭ ሽንኩርት ከሚሸጡት መካከል አገኘናት፤ ፊቷ ጆንያ አንጥፋ፣ ሽንኩርቱን በትንንሽ ክምር ደርድራዋለች። አወቀችኝ። አልደነገጠችም። ሰብሳቢዋ ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት መምረጥ ጀመረች፤ እኔ ከጎኗ ቆምኩ። ለምን እንደመጣሁ በኦሮምኛ ነገርኳት። እሷም በኦሮምኛ ጀምራ፣ ጎረቤቶቿ ጆሯቸውን ሲያቀኑ ወደ አማርኛ ዞረች።

"ያኔ የጻፉት ምን ይላል?"

"ድርሻዬን ለወንድሞቼ ትቻለሁ ይላል።"

"ብያለሁ። ውሸት አልጻፉም።" አንዲት ገዢ መጣች፤ ዋጋ ነገረቻት፣ ገዢዋ ተከራክራ ሄደች። "ምን ልል ነበር? ታላቄ ተቀምጧል። ሚስቱ ለናንተ ምሳ እያቀረበች ነው። እኔ እዚያ ቆሜ መጋዘኑን አካፍሉኝ ልበል?"

እውነት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ በግልጽ ጠየቅኋት። ባሏ ሥራ ካቆመ እንደቆየ፣ ሽንኩርቱን የምታመጣው ከሰው ተበድራ እንደሆነ፣ ከመጋዘኑ አንድ ጥግ ቢደርሳት ዝናብ ሲመጣ ዕቃዋን ይዛ እንደማትሯሯጥ ነገረችን። ከዚያ፣

"እፈልጋለሁ" አለች። "ግን ሐሳቧን ቀየረች ብለው እንዳይጽፉ። እንዲያ ከጻፉ የታላቄን ቤት ደጃፍ ሁለተኛ አልረግጥም።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ዳኛው ይጥራኝ። ከተጠራሁ እመጣለሁ። ተጠርታ ሄደች ይባላል፤ ከሰሰች አይባልም።"

ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሽንኩርቱን ገዝተን ተመለስን። ሴትዮዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያገኘችውን መውጫ ሁለት የተማርን ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ስንፈልግ ነበር።

የማሟያ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። በዜና ሥራ ያወቅሁትን ሁሉ ጽፌ፣ የቀረውን ለአርታኢው እተው ነበር። አሁን ግን ገበያው ውስጥ የሰማሁትን ከጻፍኩ ልጅቷ የፈራችው ይደርስባታል። ሳልጽፈው ብቀር ደግሞ ፍርድ ቤትን ማታለል አይሆንብኝም? ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ የጻፍኩት ስለ ራሴ ስህተት ብቻ ነው። ወራሽዋን የጠየቅኋት ከመተዋ የሚጠቀሙት ሰዎች ባሉበትና በቤታቸው ስለሆነ ቃሏ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ስለመሆኑ ማረጋገጥ አልችልም፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ አስቀርቦ እንዲጠይቃት አመለክታለሁ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ሽንኩርቱ አልተጠቀሰም። እስከ ዛሬ ይህን ጽሑፍ መለስ ብዬ ሳነብ ቅር አይለኝም፤ ለወጣት ሪፖርተር ግን እንዲህ ጻፍ ብዬ አልመክርም።

በዜና ሥራ፣ ስለ ሰው ልጽፍ ስል አስቀድሜ ለራሱ እነግረዋለሁ። ስለዚህ ሪፖርቱን ከማስገባቴ በፊት ታላቅ ወንድሟን መጋዘኑ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። ገብስ እያስመዘነ ነበር። ከጆንያ ላይ አስቀመጠኝ፣ አነበብኩለት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይሾሙልን ብለን ያመለከትነው እኛ ነን" አለ።

"አዎ።"

"እህቴ መጥታብዎት ነው?"

"ወደ እኔ የመጣ ሰው የለም።" ይህ እውነት ነው፤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

"አግኝተዋታል ወይ ነው የምልዎት።"

"ማንን እንዳነጋገርኩ ተናግሬ አላውቅም፤ ላንተም አልጀምርም።"

ሳቅ አለ፤ የደስታ አልነበረም። እኛ አላስገደድናትም አለኝ። ይህንንም ጻፍልኝ ካልከኝ እጽፈዋለሁ አልኩት። ጻፉት አለ። በሪፖርቱ ግርጌ ጨመርኩለት፤ ለነገሩ እሱም ትክክል ነበር፤ ያስገደዳት ሰው አልነበረም።

ሪፖርቱን ባስገባሁ ዕለት ሰብሳቢዋ ደወለችልኝና ማኅበሩ ተቀብሎሃል አለችኝ። የችሎቱን ውጤት አትጠብቁም ወይ ስላት፣ "ውጤቱ የእሷ ነው፤ አንተ የሠራኸው እስከዚህ ነው" አለች። ካርዱን በሌላ ጊዜ ወሰድኩት። ፎቶው ላይ ፊቴ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም መጡ። ወንድማማቾቹ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሷ ከበስተኋላ ተቀመጡ። ዳኛዋ ሪፖርቱን ካነበበች በኋላ ወንድሞቿ ለጊዜው ውጪ እንዲቆዩ አዘዘች። ታናሹ ወዲያው ተነሣ። ታላቁ ወደ እህቱ ዞሮ አየ፤ እሷ ዳኛዋን ነበር የምታየው። በሩ ሲዘጋ ዳኛዋ በኦሮምኛ፣ ድርሻሽን ትተሻል ወይስ ትፈልጊያለሽ? አለቻት።

"አባቴ የሦስታችንም አባት ነበር" አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ጸሐፊው ድገሚው አላት። ደገመችው። ከዚያም፣ "ጠይቃችሁኛል፤ እወስዳለሁ። ቤቱ ይቅር፣ ወንድሞቼ ይኑሩበት። ከመጋዘኑ ይድረሰኝ።"

ወንድሞቿ ተመልሰው ገቡ፤ ዳኛዋ፣ ወራሽዋ በፍርድ ቤቱ ተጠይቃ ከመጋዘኑ ድርሻዋን እንደምትወስድ አስረድታለች ብላ አስመዘገበች። ታላቁ ምንም አልተቃወመም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ስንወጣ ወደ መናኸሪያ አንድ መንገድ ነው፤ ሦስቱ ተራርቀው ከፊቴ ሄዱ። የሳጉሬው ሚኒባስ ሊሞላ ሦስት ሰው ቀርቶት ነበር። ወንድሞቿ ገቡ። ረዳቱ በሩን ይዞ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ይላል። ታላቁ ከመስኮቱ በኩል፣ "ነይ ግቢ፣ ቦታ አለ" አላት። ቁጣም ልመናም አልነበረበትም።

እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። "እናንተ ሂዱ" አለች፤ "እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ።"

ረዳቱ ሌላ ሰው አስገባ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ታላቁ አንገቱን አዙሮ አያት፣ እሷም እጇን አነሣች። ከዚያ ተራዋን ለመጠበቅ ከመናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።